የሚገፋዎት እጅ በሌለበት፦ ታይ ቺን እንደ ፍልሚያ ጥበብ በቤት ውስጥ መለማመድ

ተከታታዩን እንቅስቃሴ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድም ሳይስት የሚሠራ ሰልጣኝ ያስቡ። እጁ ሲወጣና ሲወርድ ውኃ የሚከተል ይመስላል፤ እርምጃው ድምፅ የለውም። ከዚያ አንድ ሰው ፊት ለፊቱ ይቆምና መዳፉን ክንዱ ላይ አሳርፎ በቀስታ ይገፋዋል። በዚያች ቅጽበት ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ትንፋሹ ይቋረጣል፣ ተረከዙ ከመሬት ይነሣል። የሁለት ዓመት ልምምድ በአንዲት መዳፍ ይፈርሳል። ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በእኔም ደርሷል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የቤት ልምምዴን የማቅደው ከዚያች መዳፍ ተነሥቼ ወደ ኋላ በመሄድ ነው። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን የማደርገው እያንዳንዱ ነገር «መዳፉ ሲያርፍብኝ ምን ይጠቅመኛል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል።

በአጭሩ ታይ ቺ የምንለው ጥበብ ሙሉ ስሙ ታይጂቹዋን ነው። የስሙ መጨረሻ «ቹዋን» በቻይንኛ ቡጢ ማለት ሲሆን፣ በስም ላይ ሲቀጠል የፍልሚያ ስልት መሆኑን ያመለክታል። ዛሬ በመናፈሻዎች የሚታየው ዝግ ያለ እንቅስቃሴ የወጣው ከተዋጊዎች መንደር ነው። በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር፣ ቸንጂያጎው በተባለችው መንደር፣ የቸን ቤተሰብ ጥበቡን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፍ ኖሯል፤ አጀማመሩም በ17ኛው መቶ ዘመን ከኖረው ወታደራዊ ሰው ከቸን ዋንግቲንግ ጋር ይያያዛል። የቤተሰቡ አባል ያልነበረው ያንግ ሉቻን (1799–1872) ከቸን ቻንግሺንግ ተምሮ ጥበቡን ወደ ቤይጂንግ ወሰደው፤ እዚያም ስሙ የገነነው በፍልሚያ ችሎታው ነው። የልጅ ልጁ ያንግ ቸንግፉ (1883–1936) እንቅስቃሴዎቹን ሰፋ ያሉ፣ ዝግና ወጥ አድርጎ ለብዙ ሰው አዳረሰ። በ1956 የቻይና የስፖርት ኮሚሽን ከያንግ ስልት ተነሥቶ 24 እንቅስቃሴዎች ያሉትን አጭር ቅንብር አዘጋጀ። በ2020 ደግሞ ዩኔስኮ ታይጂቹዋንን በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አሰፈረው። እዚህ የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት አንድ ነገር ለማሳየት ነው። በመንደሩ ያደገ ልጅ ታይ ቺን ሲማር ዝግ ያለውን ተከታታይ እንቅስቃሴ ብቻ አልነበረም የሚማረው። ቆሞ መልመድ ነበር፤ ነጠላ እንቅስቃሴዎችን መደጋገም ነበር፤ ከአጎቱ ልጅ ጋር መገፋፋት፣ መያያዝና መጣጣል ነበር፤ ጎራዴ፣ ሰይፍ፣ ጦርና ረጅም ዘንግ ነበሩ። ጥበቡ ዓለምን ሲያዳርስ ግን ከዚህ ሁሉ በቀላሉ የተጓዘው የማርሻል አርት ሰልጣኞች «ፎርም» የሚሉት ተከታታይ እንቅስቃሴ ነው። ለጤና ለሚሠራው ሰው ይህ ብዙ አይጎዳም። ለፍልሚያ የሚሠራው ግን ቤቱ ገብቶ ፎርሙን ብቻ ሲደጋግም፣ ከብዙ ክፍሎች አንዱን ብቻ ይዞ ሙሉውን የያዘ ይመስለዋል።

ቤት ውስጥ የሚገኘውና የማይገኘው

ብቻዎን ሆነው በምንም መንገድ የማያገኙት ነገር አለ። ቻይናውያን መምህራን «ቲንግ ጂን» ይሉታል፤ ኃይልን ማዳመጥ ማለት ነው። የሌላው ሰው ክብደት ወዴት እንደሚሄድ፣ ሊገፋ ነው ወይስ ሊስብ፣ ሚዛኑ በየትኛው እግሩ ላይ እንዳለ በቆዳ በኩል ማወቅ ነው። ይህ የሚገኘው ከሰው ገላ ብቻ ነው። ርቀትን መገመት፣ ጊዜን መጠበቅ፣ ሳይታሰብ ለሚመጣ ነገር አለመደንገጥም እንዲሁ። ሰው የሌለበት ክፍል እነዚህን ሊያስተምር አይችልም።

ይህን በግልጽ መናገር የሚያስፈልገው ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። በ2017 በቻይና ቼንግዱ ከተማ፣ ሹ ሺያዎዶንግ የተባለ የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚ አንድ የታይ ቺ መምህርን ገጥሞ በሰከንዶች ውስጥ ጣለው፤ ቪዲዮውም በብዙ አገር ታየ። ብዙዎች ከዚያ የወሰዱት ትምህርት ታይ ቺ ለፍልሚያ አይሆንም የሚል ነበር። እኔ የማየው ሌላ ነው። ሊመታው የፈለገ ሰው ገጥሞት የማያውቅ ማንኛውም ሰው፣ የቱንም ስልት ቢማር፣ በመጀመሪያው ምት ይደነግጣል። ጉድለቱ ያለው በልምምዱ አሠራር ላይ ነው።

ቤት የሚሰጠው ደግሞ ጥቂት አይደለም። የሰውነት አቀማመጥ፣ የእግር ጥንካሬ፣ ሚዛን፣ የማያስፈልግ ጡንቻን መፍታት፣ ኃይልን ከእግር ወደ እጅ ማስተላለፍ፤ እነዚህ ሁሉ የብቸኝነት ሰዓታት ውጤቶች ናቸው። እንዲያውም ከሰው ጋር በሚደረግ ልምምድ ላይ አይሠሩም ማለት ይቻላል፤ አንድ ሰው እየገፋዎት ስለ ጭንዎና ስለ ዳሌዎ አቀማመጥ ማሰቢያ ጊዜ አይኖርምና። ስለዚህ ሥራው ይከፋፈላል። ቤት ውስጥ ገላ ይዘጋጃል፤ ከሰው ጋር ገላው ይጠየቃል፤ ከጥያቄው የተገኘው ጉድለት ደግሞ ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል።

መቆም

የቤት ልምምድ የት ይጀመር ተብሎ ቢጠየቅ መልሴ ያለማመንታት መቆም ነው። በቻይንኛ ጃን ጁዋንግ ይባላል፤ እንደ ተተከለ ምሰሶ መቆም እንደ ማለት ነው። ከሁሉም ልምምድ አሰልቺው ይህ ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ በመዳፉ የሚፈርሰውም ብዙውን ጊዜ የዘለለው ሰው ነው።

እግሮችዎን በትከሻ ስፋት ለያይተው ጎን ለጎን ትይዩ አድርገው ይቁሙ። ጉልበትዎን ትንሽ ያላሉ፤ ማጠፍ እንኳ አያስፈልግም፣ ቁልፉን መክፈት ይበቃል። ከፍ ያለ ወንበር ጫፍ ላይ ሊቀመጡ እንዳሰቡ ሁሉ የዳሌዎ አጥንት ወደ ታች ይውረድ፤ አናትዎ ግን በክር እንደተንጠለጠለ ወደ ላይ ይሂድ። አገጭ በትንሹ ገባ ይላል። ከዚያ ትልቅ ኳስ እንዳቀፉ ሁሉ ክንዶችዎን በደረት ከፍታ ያንሡ፤ ክርኖች ከእጅ አንጓ ዝቅ ይበሉ፣ ብብትዎ ሥር እንቁላል የሚያስቀምጥ ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። ትንፋሽን አያዝዙት፤ ራሱ ይመጣል።

አሁን ሥራው ይጀምራል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ትከሻዎ ማቃጠል ይጀምራል። ሰልጣኙ በዚህ ጊዜ ጥርሱን ነክሶ መታገሥ ልምምዱ ይመስለዋል። አይደለም። የሚያቃጥለው ጡንቻ ሥራው ያልሆነውን ሥራ እየሠራ ነው፤ የእርስዎ ተግባር ክንዱን ሳያወርዱ ያንን ጡንቻ ማሳረፍ፣ ክብደቱም በጀርባና በዳሌ በኩል ወርዶ እግር ላይ እንዲያርፍ መንገድ መክፈት ነው። ቻይናውያን ይህን መፍታት «ሶንግ» ይሉታል። መላላት ብለን ብንተረጉመው እንሳሳታለን፤ የላላ ድንኳን ይወድቃልና። ሶንግ ገመዶቹ ሁሉ እኩል ተወጥረው አንዱም ከሌላው በላይ የማይሳብበት ድንኳን ዓይነት ነው። ሦስት ደቂቃ ጀምረው በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ ይጨምሩ። አሥር ደቂቃ ላይ ሲደርሱ የቤትዎ ልምምድ መሠረት አለው፤ ሃያ ደቂቃ የሚቆሙ አሉ፣ ግን ከአሥሩ በኋላ የሚበልጠው የጥራት ነገር ነው።

መቆሙ መሥራቱን በቤት ውስጥ የሚፈትኑበት መንገድ አለ፤ በጣም የምወደው ልምምድም ይኸው ነው። አንድ እግር ወደ ፊት አድርገው ግድግዳ ፊት ይቁሙ። የፊተኛውን ክንድ እንደ ግማሽ ክብ አድርገው ከክርን በታች ያለውን የውጭ ክፍል ግድግዳው ላይ ያሳርፉ። ከዚያ ክንድዎን ሳያንቀሳቅሱ ከኋላ እግርዎ ቀስ ብለው ግድግዳውን ይጫኑ። ግድግዳው መልሶ ይጫንዎታል፤ የሚጫንዎት ልክ እርስዎ በጫኑት ልክ ነው፣ አያታልልም፣ አይቸኩልም። አሁን ያዳምጡ፤ ያ ግፊት ወዴት ይሄዳል? ትከሻ ላይ ከቆመ ትከሻው ተነሥቷል። ወገብ ላይ ከቆመ ወገብዎ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የኋላ ተረከዝዎ መሬቱን ሲጫን ከተሰማዎት መንገዱ ክፍት ነው። ግፊቱን ይቀንሱ፣ ይጨምሩ፣ የክንዱን ከፍታ ይለውጡ፣ እግር ይቀይሩ። በየቀኑ አምስት ደቂቃ ብቻ ይህን ያደረገ ሰው የመጀመሪያዋ መዳፍ ክንዱ ላይ ስታርፍ እንግዳ አትሆንበትም።

የድንቢጥ ጭራ

ብዙ ፎርም ከማወቅ አንድ ክፍል ጠንቅቆ ማወቅ ይሻላል። በያንግ ስልት ውስጥ ያለችውን «ድንቢጥን በጭራዋ መያዝ» የምትባለውን ክፍል ለቤት ልምምድ የምመርጠው፣ ከሰው ጋር የሚደረገውን መገፋፋት ከነቅርጹ በውስጧ ስለያዘች ነው። ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተነካክተው የሚያደርጉት ልምምድ በቻይንኛ ቱይ ሾው ይባላል፤ በሁለት እጅ የሚደረገው መደበኛ ዙር የሚሽከረከረው በአራት ኃይሎች ላይ ነው። አራቱም በዚህች አጭር ክፍል ውስጥ በተራ ይመጣሉ። ስለዚህ በደንብ የገባው ሰው ድንቢጧን ሲሠራ፣ ሌላኛው ሰው የጎደለበት መገፋፋት እየሠራ ነው።

የመጀመሪያው ፐንግ ነው። ክንዱ ከደረት ፊት ክብ ሆኖ ይነሣል። አየር የሞላው ኳስ ሲጫኑት የሚሰጠው ምላሽ የፐንግ ምላሽ ነው፤ አይሰረጉድም፣ እንደ ድንጋይም አይደርቅም። ግድግዳው ላይ የፈተኑት ይህንኑ ነው። ሦስቱ ሌሎች ኃይሎች የሚቆሙት በፐንግ ላይ ስለሆነ፣ እሱ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋሉ።

ሁለተኛው ሉ ነው። ሰውየው ሲገፋ አይቃወሙትም፤ ክብደትዎ ወደ ኋላ እግር ይሄዳል፣ ወገብዎ ይዞራል፣ ግፊቱም በአጠገብዎ አልፎ ወደ ባዶ ቦታ ይሄዳል። አራት አውንስ የሚያክል ኃይል ሺህ ፓውንድ ያዞራል የሚባለው የታወቀው አባባል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ሺው ፓውንድ ቀድሞ በራሱ መንገድ ስለመጣ አራቱ አውንስ አቅጣጫ ብቻ ይሰጡታል። ብቻችንን ስንሠራ ግን ሉ ላይ የምንሠራው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፤ ወገቡ ቆሞ እጆቹ ብቻቸውን ወደ ጎን ይሄዳሉ። እውነተኛ ሰው ቢኖር እጆቻችን ወደ ጎን ተጣምመው ተጣብቀው ይቀሩ ነበር። ለማረም የሚረዳው ነገር ቀላል ነው፤ ሉን ሲሠሩ እጆች ከደረት አጥንት ፊት እንዳሉ ይቆዩ፤ የሚዞረው እምብርት ነው፣ እጆች የሚሄዱት እምብርት ስለወሰዳቸው ነው። እምብርቱ ደግሞ የሚዞረው ብሽሽት ላይ ያለው እጥፋት ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። ቻይናውያን ኩዋ የሚሉትና መምህራን አሥር ጊዜ የሚጠሩት ቦታ ይኸው ነው። ወገብ ብለን የምናስበው አብዛኛው መዞር በእውነቱ የብሽሽት ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ እጅን ብሽሽት ላይ አድርጎ እየዞሩ መዳሰስ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ሦስተኛው ጂ ነው፤ ግፊቱ ያለፈበት ሰው ወድቆ እንዳይቀር ወደ ኋላ ሲሰበሰብ፣ እርስዎ ተከትለውት ይገባሉ። አንዱ መዳፍ በሌላው እጅ አንጓ ላይ ያርፍና ሁለቱ ክንዶች አንድ ሆነው ወደ ሰውየው መሐል ይጠጋሉ። አራተኛው አን ነው፤ ሁለት መዳፎች መጀመሪያ በትንሹ ወደ ታች ወርደው ክንዶቹን በገላው ላይ ያስቀምጡበታል፣ ከዚያ ከእግር የመነጨ ግፊት ወደ ፊት ይሄዳል። አን ላይ ያለው ፈተና ማዘንበል ነው። አፍንጫዎ የፊት ጉልበትዎን ካለፈ ሊጥልዎት ለሚፈልግ ሰው ግማሹን ሥራ ሠርተውለታል።

ድንቢጧን በሁለቱም ወገን፣ በቀኝም በግራም፣ በአንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ ያህል ይደጋግሟት። በልማድ እንደሚደገም ጸሎት ሳይሆን በጥያቄ። ዛሬ ሉ ብቻ ይፈተሽ፤ ነገ አን። አራቱን በአንድ ቀን ለማረም የሞከረ ሰው አንዱንም አያርምም።

ከጥበቡ ስምንት ኃይሎች የቀሩት አራቱ፣ ማለትም ነጥቆ መሳብ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ መሰንጠቅ፣ ክርንና ትከሻ፣ ለቅርብ ርቀት ናቸው። ያለ ሰው ሲለማመዷቸው በፍጥነት ወደ ማስመሰል ስለሚያዘነብሉ በቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ አልሰጣቸውም።

ስለ ሁለቱ ጉልበቶች

ቋንቋችን እዚህ ላይ መልካም ነገር አድርጎልናል፤ ጉልበት ስንል የእግሩን መገጣጠሚያም የክንድን ብርታትም እንላለን። ታይ ቺ ሁለተኛውን አስቀምጡ ሲል፣ የመጀመሪያውን ጠብቁ ይላል። ብቻቸውን የሚለማመዱ ሰዎች ከሁሉም በፊት የሚጎዱት የእግራቸውን ጉልበት ነው፤ የሚያርማቸው ዓይን አጠገባቸው የለምና።

ጉልበት በር ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይታጠፋል እንጂ ለመጠምዘዝ አልተሠራም። መዞር የዳሌና የቁርጭምጭሚት ሥራ ነው። ስለዚህ ጉልበትዎ ሁልጊዜ የእግር ጣቶችዎ ወደሚያመለክቱበት ይመልከት፤ ወደ ውስጥ ሲወድቅ ያቁሙት። ክብደት የተሸከመ እግር ላይ ሆነው ውስጥ እግርዎን ከመሬት ጋር እያሻሹ አይዙሩ፤ መጀመሪያ ክብደቱን ይቀንሱ፣ ከዚያ ይዙሩ። ዝቅ ብሎ መሥራት የብርቱ ሰው ምልክት የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን ከፍ ብሎ በትክክል የቆመን ሰው ዝቅ ብሎ ከተጣመመ ሰው አስበልጣለሁ። ጭን ላይ የሚሰማ ድካም የሥራ ምልክት ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋ ሕመም ግን የማቆም ምልክት ነው፤ ደጋግሞ ከመጣ ሐኪም ይየው።

ፎርሙን እንዴት እንሥራው

ፎርሙ ቦታውን ይይዛል፣ ግን እንደ መዝሙር ከዳር እስከ ዳር በየቀኑ መውጣት የለበትም። የያንግ ረጅም ፎርም በተለመደው ዝግታ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የቸን ቤተሰብ የመጀመሪያ ፎርም ሰባ ያህል እንቅስቃሴዎች አሉት፤ ቁጥሩ እንደ አቆጣጠሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ሙሉውን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መሥራት አካልን ያስተሳስራል፣ ትዝታንም ይጠብቃል። በሌሎቹ ቀናት አንድ ሦስተኛውን ወይም ከዚያ ያነሰውን ወስዶ መመርመር ይበልጣል።

ዝግታው ለምንድን ነው? ፍጥነት ጉድለትን ይሸፍናል። ቶሎ የሚራመድ ሰው በመሐል ሚዛኑን ቢያጣም ቀጣዩ እግር ደርሶ ያድነዋል፤ ሳይታወቅም ያልፋል። ዝግ ብሎ የሚራመድ ሰው ግን በአንድ እግሩ በእውነት መቆም አለበት። እያንዳንዱ ቦታ ይታያል፤ ክብደቱ የጠፋበት፣ ትንፋሹ የተያዘበት፣ ትከሻው የተነሣበት። ዝግታው አጉሊ መነጽር ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን አንዳንድ ጊዜ አጉሊ መነጽሩን አስቀምጦ በፍጥነት መሥራትም ያስፈልጋል። በሳምንት አንድ ቀን ያወቁትን ክፍል በተራ እርምጃ ፍጥነት ይሥሩት፤ በዝግታ ያገኙት አቋም የሚበታተንበትን ቦታ ወዲያው ያገኙታል።

አንድ የቆየ ምክር በመምህራን ዘንድ አለ፤ ብቻህን ስትሠራ ሰው ፊትህ እንዳለ ሥራ፣ ሰው ሲኖር ደግሞ ማንም እንደሌለ ሥራ የሚል። የመጀመሪያው ግማሽ ለቤት ነው። ነገር ግን በደፈናው ጠላት ማሰብ አይጠቅምም፤ ፊትን ያኮሳትራል እንጂ ገላን አያርምም። የሚያስቡት ነገር የተወሰነ ይሁን። ለምሳሌ «ጉልበትን ጠርጎ እርምጃን መጠምዘዝ» የምትባለውን እንቅስቃሴ ይውሰዱ። የታችኛው እጅ ወደ ሆድ የመጣን ቡጢ ወይም እርግጫ ከፊት ጠርጎ ያወጣል፤ እርምጃው በተከፈተው ቦታ ይገባል፤ የላይኛው መዳፍ ከጆሮ አጠገብ ተነሥቶ ደረትን ይመታል። ይህን ያወቀ ሰው የሚጠርገው እጅ ከጉልበቱ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት፣ እርምጃው ከመጥረጉ ቀድሞ መግባት እንደሌለበት ማንም ሳይነግረው ይረዳል። የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ አጠቃቀም ከመምህርዎ ይጠይቁ፤ ያልተረዱትን እንቅስቃሴ ቤት ወስደው ሺህ ጊዜ አይድገሙት።

ኃይልን ማውጣት

በድንገት ኃይልን መልቀቅ ፋጂን ይባላል። በቸን ስልት በግልጽ ይታያል፤ በተለይ ሁለተኛው ፎርም፣ የመድፍ ቡጢ የሚባለው፣ በዝላይና በፍንዳታ የተሞላ ነው። በያንግ ስልት ደግሞ በዝግታው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ለጀማሪ ለመጀመሪያዎቹ ወራት አልመክርም፤ የሰውነቱ መንገድ ሳይከፈት ኃይል የሚለቅ ሰው ክርኑንና ወገቡን ይጎዳል።

ጊዜው ሲደርስ ግን ጥቂት ይበቃል። ገላ ከሞቀ በኋላ በእያንዳንዱ ወገን አሥር ጊዜ ብቻ፣ በመካከሉ እየተነፈሱና እየተፈቱ። ኃይሉ ከኋላ እግር ይነሣል፣ በጭን ይወጣል፣ በወገብ ይመራል፣ በእጅ ይታያል። ክርን እስከ መጨረሻው አይቆለፍ። ፎጣ ሲራገፍ የሚያደርገውን ያስቡ፤ ፎጣው ጫፉ ላይ የሚጮኸው መሐሉ ለስላሳ ስለሆነ ነው። የሚመታ ከረጢት ካለዎት በልኩ ይጠቀሙበት፤ የእጅ አንጓ በትክክል መሰለፉን ከአየር ይልቅ ከረጢቱ በፍጥነት ይነግርዎታል። በባህላዊው ሥልጠና ለዚሁ ሥራ ከሦስት ሜትር የሚበልጥ ረጅም ዘንግ ይያዛል፤ ዘንጉን ከወገብ ማንቀጥቀጥ እጅ ብቻውን ሊሠራው ስለማይችል ሰነፍ እግርን ያጋልጣል። ክፍል ውስጥ የሚመች አይደለም፤ ሜዳ ያለው ይሞክረው።

ሳምንቱ

ከሁሉም አስቀድሞ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሰዓት ከመልፋት በየቀኑ ሰላሳ ደቂቃ ይበልጣል። ገላ አዲስ ነገር የሚማረው በተደጋጋሚ ጉብኝትና በመካከሉ ባለው ዕረፍትና እንቅልፍ ነው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ባዶ ወለል ለመቆምና ለድንቢጧ ይበቃል።

የእኔ የተለመደ ቀን ይህን ይመስላል። አንገትን፣ ትከሻን፣ ዳሌን፣ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ለአምስት ደቂቃ ማፍታታት፤ አሥር ደቂቃ መቆም፤ አምስት ደቂቃ ግድግዳ፤ አሥር ደቂቃ ድንቢጥ ወይም የፎርሙ አንድ ክፍል። በዚህ ላይ በሁለት ቀናት ፋጂን ይጨመራል፣ በአንድ ቀን ሙሉው ፎርም ይሠራል። አንድ ቀን ደግሞ የሰው ነው፤ ያን ቀን ቤት ውስጥ ከመቆም በቀር ምንም አልሠራም፣ ምክንያቱም ጓደኛዬ ዘንድ ደክሜ መድረስ አልፈልግም። ጊዜ የጠበበ ቀን መቆሙ ብቻ ይሠራል፤ አምስት ደቂቃም ቢሆን። የታመመ ሰው ያርፋል።

ጓደኛ ከየት ይምጣ የሚለው ከባዱ ጥያቄ ነው። ታይ ቺ የሚሠራ ሰው በአቅራቢያዎ ከሌለ የትግል፣ የጁዶ ወይም የሌላ ስልት ሰልጣኝ ቢሆንም ይበጃል፤ ቀስ ብሎ ለመግፋት ፈቃደኛ ይሁን እንጂ። በአንድ እጅ፣ እግር ሳይነሣ፣ ክንድ ለክንድ ተነካክቶ ክብ መሥራት ለመጀመሪያዎቹ ወራት በቂ ነው። አሸናፊ መሆን አይፈለግም፤ የሚፈለገው በየትኛው ቅጽበት እንደሚደነድኑ ማወቅ ነው። እየቆየ ግፊቱ ይጨምራል፣ እርምጃ ይገባል፣ በኋላም መከላከያ ተደርጎ ምት ይገባል። መገፋፋት ራሱ ገና ፍልሚያ አይደለም፣ ወደ ፍልሚያ የሚወስድ ድልድይ ነው። ምንም ዓይነት ጓደኛ የሌለው ሰው ቤቱ የሚሠራው ነገር ለእግሩ፣ ለሚዛኑና ለአእምሮው ታላቅ ጥቅም ይሰጠዋል፤ ራሱን መከላከል ችያለሁ ብሎ እንዲተማመን ግን አልፈቅድለትም።

ከጓደኛ ጋር ከዋሉበት ቀን አንድ ነገር ብቻ ይዘው ይመለሱ፤ በማስታወሻ ደብተር ላይ በአንድ መስመር ይጻፉት። «በግራ ሉ ላይ ቀኝ ትከሻዬ ተነሣ» ዓይነት። የሚቀጥለው ሳምንት የቤት ልምምድ ርዕስ እሱ ነው፤ መቆሙም፣ ግድግዳውም፣ ድንቢጧም ያንን ትከሻ ይመለከታሉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ያው ሰው በዚያው ቦታ ላይ እንደገና እንዲገፋዎት ይጠይቁ።

በየሦስት ወሩ ደግሞ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ያንብቡት። ያው መስመር በተለያየ ቀን አራት አምስት ጊዜ ተጽፎ ካገኙት የሰዓት ክፍፍሉ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ከፎርሙ አምስት ደቂቃ ወስደው ለግድግዳው ይስጡት። መስመሮቹ እየተለወጡ ከመጡ፣ ማለትም መጀመሪያ ትከሻ፣ ቀጥሎ ብሽሽት፣ ቀጥሎ የኋላ ተረከዝ ካሉ፣ ጉድለቱ ከእጅ ወደ እግር እየወረደ ነውና ክፍፍሉን ሳይነኩ ጓደኛዎ በትንሹ ጠንከር አድርጎ እንዲገፋዎት ይንገሩት።